ጭላጩን ጠይቁ

ኢንጂነር ዘነበች ማረፋቸውን የሰማሁት ሁለት እጆቼ አሸዋ ውስጥ እንዳሉ ነው። ቡልቻ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ከምድጃው በኩል መጥቶ ፊቴ ተገተረ። ቡልቻ የማቅለጫ ምድጃችን ሹም ነው። አፉ የማያርፍ፣ ሰው ካላሳቀ የዋለ የማይመስለው ስለሆነ ዝም ብሎ መቆሙ ብቻ አስደነገጠኝ።

«ደሬ፣ ኢንጂነር...» ብሎ ቀረ።

«ምን ሆኑ?»

«አረፉ። ልጃቸው ናት የደወለችው። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

ከጀርባው ምድጃው ያጓራል። ብረቱ ቀልጦ ሊወጣ ጥቂት ቀርቶታል፤ እኔም የመጨረሻዋን የአሸዋ ፎርማ እየጠቀጠቅሁ ነበር። የቀለጠ ብረት ደግሞ ለቅሶ አለብኝ ቢሉት አይሰማም። ወይ ታፈሰዋለህ፣ ወይ እዚያው ረግቶ ምድጃህን ይዞብህ ይሞታል። ያን ቀን ምን እንዳደረግን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ሴትዮዋን ላስተዋውቃችሁ፤ እሳቸውን ካላወቃችሁ ያደረግነው ሁሉ እብደት ነው የሚመስላችሁ።

የምንሠራበት ቤት ከዊንጌት ወደ ሸጎሌ ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብሎ ያለ ትንሽ የብረት ማቅለጫ ነው። በደጃችን ወደ ከብት ተራ የሚነዱ በሬዎች ያልፋሉ፤ ከውስጥ እኛ ቁርጥራጭ ብረት አቅልጠን በአሸዋ ፎርማ ውስጥ እያፈሰስን የፓምፕ ክዳን፣ የጠረጴዛ እግር፣ ከሁሉም በላይ የወፍጮ ፑሌጃ እንሠራለን። ፑሌጃ ማለት የሞተሩ ቺንጋ ተጠምጥሞ የሚያዞረው የብረት ጎማ ነው። የቤቱ ጌታ አቶ ፍስሐ ናቸው። ኢንጂነር ዘነበችን ከማስተማር ሥራቸው በጡረታ ሲወጡ ደጅ ጠንተው ያመጧቸው እሳቸው ናቸው፤ በኋላ ስንት ጊዜ እንደተጸጸቱ እሳቸውና ፈጣሪያቸው ይወቁ።

ኢንጂነር አጭር፣ ቀጠን ያሉ ሴት ነበሩ። ጠዋት ሲገቡ ነጠላቸውን አጣጥፈው ቢሮ ያስቀምጡና ከቁመታቸው የረዘመ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው፣ እጅጌውን ጠቅልለው ይወጣሉ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ይንጠለጠላል። ስለ ብረት ሲያወሩ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን ያፋትጋሉ፣ ልክ ወጥ ላይ ጨው እንደሚነሰንስ ሰው። ያንን ጣት አንድም ቀን ሳያፋትጉ ሲያወሩ አላየኋቸውም። አንድ ነገር ጠይቀውን «ይሆናል» ብለን ከመለስን ደግሞ ጉዳችን ፈላ። «ይሆናል የሚባል ብረት የለም» ይላሉ፤ «ወይ ሆኗል ወይ አልሆነም። ሂድና አይተህ ና።»

በመጡ ሰሞን የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ይዘው መሀላችን ቆሙ። ወረቀቱን መሀሉ ላይ በምላጭ ሰነጠቁትና ለቡልቻ ሰጡት። «ግራና ቀኝ ያዝና ጎትት።» ቡልቻ ጎተተ፤ ከስንጥቁ ጀምሮ ጫፍ ድረስ ተረተረው። ሌላ ወረቀት አነሱና መሀሉን በመቀስ ክብ አድርገው በሱት። «አሁንም ጎትት።» ቡልቻ ጎተተ፣ ፊቱ እስኪቀላ ጎተተ፣ ወረቀቱ ግን ቶሎ እጅ አልሰጠም።

«ብረትም እንደዚሁ ነው» አሉ። «ሲቀልጥ ውስጡ ካርቦን ይሟሟል፣ ስኳር ሻይ ውስጥ እንደሚሟሟ። ሲረጋ ካርቦኑ ግራፋይት ሆኖ ይወጣል፤ ጥቁር ነው፣ ዓይን አያየውም፣ ግን ብረቱ ውስጥ ተበትኗል። እንደ ሻይ ቅጠል ስስና ሹል ሆኖ ከወጣ መጀመሪያ የቀደድከው ወረቀት ነው፤ ስንጥቅ መንገድ ያገኛል። እንደ ቁንዶ በርበሬ ክብ ሆኖ ከወጣ ግን ብረቱ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም።»

«ክብ የሚያደርገው ማነው?» አልኳቸው።

ጣታቸውን አፋተጉ። «ቁንጥር ማግኒዚየም።»

«ለዚያ ሁሉ ብረት ቁንጥር?» አለ ቡልቻ። «እንግዲያው ማግኒዚየም ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ!»

እሳቸውም አብረውን ሳቁ። አቶ ፍስሐ ግን በጊዜው በድሮው ብረታችን ረክተው ስለነበር የክቡ ነገር በወሬ ቀረ። የቶሎሳ ፑሌጃ እስኪፈነዳ ድረስ።

ቶሎሳ ሸጎሌ ውስጥ የራሱ ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ነው። ከእኛ የገዛው ፑሌጃ እየዞረ ሳለ ተበትኖ ስባሪው ቀኝ እጁን መታው። እጁ ተረፈ፤ ጣቶቹ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፉም። ኢንጂነር ስባሪዎቹን በጆንያ አስመጥተው ጠረጴዛቸው ላይ ደረደሯቸው። ደህና ብረት ሲሰበር ውስጡ ግራጫ ነው። የፑሌጃው ጠርዝ ግን እንደ ስኳር ነጭ ሆኖ ያብለጨልጭ ነበር።

አቶ ፍስሐ ገብተው አዩና «ቺንጋውን አጥብቆት ይሆናል» አሉ።

«አይደለም አቶ ፍስሐ። ይሄንን ፑሌጃ ይለፍ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁላችንንም ሰብስበው ነገሩን ከሥሩ አስረዱን። ቀጭን ጠርዝ ቶሎ ይረጋል። ቶሎ ሲረጋ ካርቦኑ ግራፋይት ሆኖ ለመውጣት ፋታ ያጣና ብረቱ ነጭ፣ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ይህ እንዳይመጣ ነው የማፍሰሻው ባልዲ ላይ ጥቂት ፌሮሲሊከን የምንነሰንሰው፤ ያ ጠጠር መሳይ ነገር ግራፋይቱ የሚበቅልበት ዘር ነው። ዘሩ ግን ባልዲው ውስጥ ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል። እኛ ለፈተና የምንወስደው ከባልዲው የመጀመሪያውን ብረት ነበር። የቶሎሳ ፑሌጃ ደግሞ የፈሰሰው ከመጨረሻው ነው።

«የመጀመሪያውን ጠየቅሁት፣ ደህና ነኝ አለኝ» አሉ ኢንጂነር። «ጭላጩን አልጠየቅሁትም። ከዛሬ ጀምሮ ጭላጩን ነው የምንጠይቀው። ጭላጩ ደህና ከሆነ ከፊቱ የወጣው ሁሉ ደህና ነው። ጭላጩ ከታመመ ግን ከዚያ ባልዲ የወጣ አንድም ነገር ከዚህ በር አይወጣም።»

ቶሎሳ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ ሊጠይቁት ሲሄዱ ብርቱካን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። እንዴት አደርክ ካሉት በኋላ ወንበር እንኳ ሳይስቡ «ፑሌጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉት። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ቶሎሳ በፋሻ የተጠቀለለ እጁን አየ።

«እና አሁን ምን ሊያደርጉ ነው?» አለ።

«የማይሰበር ልሠራ።»

«ወንድሞቼ ወፍጮውን ሽጠው ይሉኛል። እኔ ሌላ ሥራ አላውቅም፣ ልጆቼ የሚያድሩት በእሱ ነው። ግን እንደድሮው ዓይነት ብረት አጠገብ ተመልሼ አልቆምም፤ እውነቴን ነው፣ አልችልም።» ቀና ብሎ አያቸው። «እስከ መስቀል እጠብቅዎታለሁ።»

«ይበቃኛል» አሉት። ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ እንደሚበቃቸው በምን አወቁ ብዬ ጠየቅኋቸው። «አላወቅሁም» አሉኝ፣ «ግን ከእሱ ፊት ይሆናል ልበል?»

ክረምቱን ሙሉ ስንታገል ከረምን። ማግኒዚየሙን ባልዲው ውስጥ ከታች አስቀምጠን የቀለጠውን ብረት ስንገለብጥበት ቤቱ በነጭ ብርሃን ይሞላል፣ ነጭ ጭስ ጣራውን ያለብሰዋል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ማግኒዚየሙ እየበነነ መሄድ ይጀምራል፤ ቢዘገይ ክቡ ግራፋይት ተመልሶ ይበላሻል። ስለዚህ ኢንጂነር ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈተው ሁላችን የምናየው ምሰሶ ላይ በምስማር ሰቀሉት። ረጅሙ ቆጣሪ ሁለት ቁጥር፣ ማለትም አሥር ደቂቃ፣ ሳያልፍ ባልዲው ባዶ መሆን አለበት። ቡልቻ አንድ ቀን «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ቢላቸው «የዘገየ ደግሞ ሰው ፈነከተ። ተሸከም!» ብለው ጮኹበት።

ባልዲው ሲያልቅ ጭላጩን አንዲት ዘንግ አድርገን እናፈሳለን። ስትቀዘቅዝ በሽቦ አንጠልጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዶሻ መታ ያደርጓታል። ግራፋይቷ ክብ የሆነች ዘንግ እንደ ደወል ትጮኻለች፣ ድምጿም ቶሎ አይጠፋም። ያልሆነላት ድፍን ድምፅ አውጥታ ጸጥ ትላለች።

የመጀመሪያዋ ሙከራ ጮኸች። ቆርጠው፣ አለስልሰው በማይክሮስኮፕ ካዩዋት በኋላ እኔንም ጠርተው አሳዩኝ። እውነትም በሰፌድ ላይ የተበተነ ቁንዶ በርበሬ። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ጮህኩ። ግን ሙከራዋ ትንሽ ነበረች። ለእውነተኛው ፑሌጃ ብዙ ብረት ስናቀልጥ ዘንጓ ድፍን ሆነች። ደገምን፤ አሁንም ድፍን። ማግኒዚየሙ ያው፣ ፌሮሲሊከኑ ያው፣ ሰዓቱም አላለፈም። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክቦቹ እሾህ አብቅለዋል፣ ተንጨባረዋል። ነሐሴ አለቀ። ቶሎሳ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ አይቶን ሳይጠይቅ ተመለሰ፤ ያ ከስድብ በላይ አመመኝ።

አቶ ፍስሐ «ኢንጂነር፣ ተዉት በቃ። ለሰውየው በሌላ መንገድ እንክሰዋለን» አሏቸው።

«ሰውየው ካሳ አልጠየቀኝም። ብረት ነው የጠየቀኝ።»

ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ምድጃው ውስጥ የሚገባውን ነገር ሁሉ ከመሬት ዘርግተው አንድ በአንድ እያነሱ ቡልቻን ይመረምሩታል። «ይሄ ከየት መጣ? በፊትስ ነበር?» ቡልቻ ለትንሿ ሙከራ የተጠቀመው የላሜራ ቁራጭ ስላለቀበት ለትልቁ ማቅለጫ አሮጌ የመኪና ጎማ ቸርኬ ገዝቶ ነበር። ከመንገዱ ዳር ካሉት ጎሚስታዎች ነው ያመጣው። ንጹሕ ብረት በርካሽ አገኘሁ ብሎ ሲኮራ ነበር የከረመው። ኢንጂነር አንዱን ቸርኬ አንስተው ጠርዙን በጣታቸው ዞሩት። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። ጎማ ሲሽከረከር እንዳይርገበገብ ጎሚስታዎች ቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚሰኳት፣ ከጣት የማትበልጥ የባላንስ እርሳስ ነበረች። በጥፍራቸው ፋቋት፤ ለስላሳ ናትና መስመር ወጣባት።

«ሌባዋ ይቺ ናት» አሉ።

«ይቺ?» አለ ቡልቻ። «ኢንጂነር ይማሩኝ፣ ይቺ እኮ በዚያ ሁሉ ብረት ውስጥ ጥርስ አታቆሽሽም!»

«ማግኒዚየሙስ ስንት ነው? ቁንጥር አይደለም እንዴ? ቁንጥር የሠራውን ቁንጥር ያፈርሰዋል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ ማቅለጫ በፊት ሁላችን ቸርኬ ከብበን ቁጭ እንላለን፤ በፒንሳ እያንዳንዷን እርሳስ እንነቅላለን። አቶ ፍስሐም ሳይቀሩ። በበሩ የሚያልፉ ሴቶች «ወንዶቹ ዛሬም ምስር እየለቀሙ ነው» ብለው ይስቁብናል። ኢንጂነር ግን ይህ ብቻ አልበቃቸውም። ሳናይ አምልጦን ከገባ የእርሳስን ክፋት የምትከላከል ሴሪየም የምትባል ሌላ ቁንጥር ያለችበትን ማግኒዚየም አፈላልገው አስመጡ። «ልቀሙ፣ ግን በዓይናችሁ ብቻ አትመኩ» ይሉ ነበር።

መስከረም እንደጠባ ዘንጓ ጮኸች። በጓሮ የታሰሩ ዶሮዎች ሁሉ ተንጫጩ። ቡልቻ ኢንጂነርን አቅፎ ከመሬት አነሳቸው፤ እሳቸውም «አውርደኝ አንተ ባለጌ» እያሉ አለቀሱ።

ለቶሎሳ ሁለት ፑሌጃ ሠራን። ኢንጂነር አንዱን ሜዳ ላይ አስቀመጡና ትልቁን መዶሻ አምጥተው በግራ እጁ አስያዙት።

«ምታው» አሉት።

«ስበረው ነው የሚሉኝ?»

«ከተሰበረልህ ወፍጮህን ሽጥ።»

ቶሎሳ መታው። በግራ እጁ ስለሆነ መጀመሪያ ደካማ ነበር፤ ቀጥሎ ግን ያን ሁሉ ወር የታመቀ ንዴቱ መጣ መሰለኝ፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ደበደበው። ፑሌጃው ጎበጠ፣ ተጨማደደ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጠፈ። አልተሰበረም። ቶሎሳ መዶሻውን ጥሎ ቁና ቁና እየተነፈሰ የጎበጠውን ብረት እያገላበጠ አየው። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ደህናውን ፑሌጃ በብብቱ አቅፎ ወጣ። በመስቀል ማግስት ወፍጮው ሲዞር ከመንገድ ሆነን ሰማን።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። ኢንጂነር ጉልበታቸው ደክሞ ጳውሎስ አካባቢ ካለው ቤታቸው መውጣት ሲያቆሙ ሰዓታቸው ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ብረት በምናፈስበት ቀን ግን ይደውላሉ። ሰላምታ የለ፣ ጤና ይስጥልኝ የለ። «ጭላጩስ?» ብቻ። ቡልቻ ስልኩን ከተንጠለጠለችው ዘንግ አጠገብ ይይዛል፣ እኔ በመዶሻ እመታለሁ። ድምፁ እስኪጠፋ ያዳምጡና «እሺ፣ ይውጣ» ብለው ይዘጉታል። አንዴ ድፍን ሆኖ ሲሰሙ «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብለው እስክንሰብር ድረስ ስልኩን አልዘጉም።

አሁን ወደዚያ ጠዋት ልመለስ።

አፈሰስን። ሌላ ምን እናደርጋለን? ማግኒዚየሙ በርቶ ነጩ ብርሃን ቤቱን ሲሞላው ግን ቡልቻ ባልዲውን እንደያዘ ፊቱ ተለወጠ። ያን ብርሃን ስናይ ሁልጊዜ በጆሯችን የሚያቃጭለው የእሳቸው «ተሸከም!» ነበርና። ቆመ፤ እኔም ቆምኩ። እንባችንን በክንዳችን እየጠረግን፣ እየተደናበርን ጨረስን። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ማንም አላየውም። ባልዲውን ስናስቀምጥ ቀና ብዬ አየሁት፤ ረጅሙ ቆጣሪ ሁለት ቁጥር አልፎ ሄዷል።

ዘንጓ እስክትቀዘቅዝ ጠበቅን። መታኋት። ድፍን።

አቶ ፍስሐ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ሊጠሩን መጥተው ነበር። «ልጆች፣ ዛሬስ ይለፍ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው ሞቶብናል። ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ደህና ይሆናሉ።»

«ይሆናል የሚባል ብረት የለም» አለ ቡልቻ።

አቶ ፍስሐ ኮታቸውን አውልቀው ምስማሩ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ ሰቀሉት። ፑሌጃዎቹን ከነትኩሳታቸው ከአሸዋው አወጣናቸውና ሰበርናቸው። የመጨረሻዎቹ በቀላሉ ተበተኑ። የመጀመሪያዎቹ እምቢ አሉ፣ ጎበጡ እንጂ አልተሰበሩም። ደህና ነበሩ ማለት ነው። እየቆጨን እነሱንም በኦክስጅን መቁረጫ ቆራረጥናቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ ስንደርስ ፍትሐቱ አልቆ አፈር እየተመለሰ ነበር። እጃችን ጥላሸት ስለነበር ሰው ሁሉ ያየናል። ቶሎሳ ከሰው መሀል ወጥቶ ወደ እኔ መጣ።

«ዛሬ አቅልጣችሁ ነበር አሉ።»

«አዎ።»

«እኔ ያዘዝኳት ፑሌጃም አብራ ነበረች? የበፊቷ አርጅታብኛለች።»

«ነበረች። ሰበርናት። ጭላጩ አልጮኸም።»

በግራ እጁ ጥላሸት የለበሰ እጄን ጨብጦ አልለቀቀኝም። «እሰይ» አለ። «አጠገቧ የምቆመው እኔ ነኝ።»

ከሠልስታቸው በኋላ ቸርኬያችንን ለቅመን፣ ምድጃውን እንደገና ሞላን። ሰዓቱ አላለፈብንም። ጭላጯን አንጠልጥዬ ስመታት ረዥም ጮኸች። ቡልቻ እንደ ልማዱ ስልኩን አውጥቶ ከዘንጓ አጠገብ ያዘው፣ ድምፁ እስኪጠፋም አላነሳውም። ማን እንደሚያዳምጠው አልጠየቅሁትም።